ወለሉ ላይ ያለው ምልክት

በ1970ዎቹ ሁለት የቴክሳስ ልጆች፣ ዊሊ ኔልሰንና ዌይሎን ጄኒንግስ፣ በናሽቪል ላይ ሸፈቱ። ናሽቪል በቴነሲ ግዛት ያለች፣ የአሜሪካ ካንትሪ ሙዚቃ ዋና ከተማ ናት። እነሱ ግን የስቱዲዮዎቿን የተወለወለ ቅንብር አንፈልግም፣ በራሳችን ባንድ በራሳችን መንገድ እንቀርጻለን አሉ። ልክ ነበሩ ወይ? በዚህ ጉዳይ ሁለት ሰዎች ተከራክረዋል። አንዷ ናሽቪል የምትኖር፣ ሆስፒታል የምትሠራ የካንትሪ አፍቃሪ ናት። ሌላው አዲስ አበባ ውስጥ በካሴት ዘመን ለብዙ ዓመታት ድምፅ ሲቀርጹ የኖሩ ባለሙያ ናቸው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከናሽቪል

ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? ቶሎ ወደ ነገሬ ልግባ።

እዚህ አርሲኤ ስቱዲዮ ቢ የሚባል ቤት አለ። በ1957 ነው የተሠራው። አሁን እየተከፈለ የሚጎበኝ ቦታ ሆኗል። ኤልቪስ ፕሪስሊ ብቻውን ከ200 በላይ ዘፈኖች ቀርጾበታል። አንድ ቀን ከሌሊት ፈረቃ ወጥቼ፣ ቤት ሳልገባ፣ ቀጥታ ወደዚያ ሄድኩ። አስጎብኚዋ ወለሉ ላይ ሰማያዊ የኤክስ ምልክት አሳየችን። ዘፋኙ የሚቆመው እዚህ ነው አለች። ሰዉ ተራ በተራ እየቆመ ፎቶ ተነሣ። እኔም ቆምኩ። እውነቱን ልንገርዎት፣ ከፋኝ። የምትቆምበት ተወስኗል። አጃቢው ተመርጧል። ቅንብሩ አልቋል። አንተ ድምፅህን ይዘህ መጥተህ ምልክቷ ላይ ትቆማለህ፣ ትዘፍናለህ፣ ትሄዳለህ።

የዌይሎን ጄኒንግስ ሥራ ለዓመታት እንዲህ ነበር። አርሲኤ ከሚባለው የሸክላ ኩባንያ ጋር በ1965 ተፈራረመ። ዓመቱን ሙሉ ከራሱ ባንድ ጋር ከከተማ ከተማ እየዞረ ይጫወታል። ሊቀርጽ ሲመጣ ግን ያ ባንድ በር ላይ ይቀራል። ስቱዲዮው የኩባንያው ነው። የድምፅ ባለሙያው የኩባንያው፣ ቀረጻውን የሚመራው ፕሮዲዩሰሩም የኩባንያው። አጃቢዎቹ ጠዋት አንዱን፣ ከሰዓት ሌላውን ዘፋኝ የሚያጅቡ የከተማው ምርጥ ተጫዋቾች ናቸው። አንድ የቀረጻ ጊዜ ሦስት ሰዓት ነው። በሦስት ሰዓት ውስጥ ሦስት አራት ዘፈን መውጣት አለበት። ቫዮሊኑና ተቀባዮቹ ብዙ ጊዜ ዘፋኙ ከሄደ በኋላ ይደረባሉ።

በ1972 ዌይሎን ውሉን እንደገና ሲደራደር ኒል ሬሼን የሚባል ኃይለኛ የኒውዮርክ ሰው ወኪሉ አደረገ። ከዚያ በኋላ የሚዘፍነውንም የሚያጅበውንም ራሱ መረጠ። በ1973 ያወጣውን አልበም ይስሙት። ከአንዱ በቀር ዘፈኖቹን በሙሉ የጻፋቸው ቢሊ ጆ ሼቨር ነው። ሼቨር በወጣትነቱ መሰንጠቂያ ቤት ሲሠራ ጣቶቹ የተቆረጡበት ሰው ነው። ግጥሞቹም እንደ እጁ ሻካራ ናቸው። እነዚያን ግጥሞች በቫዮሊን መንጋ መሸፈን ግፍ ይሆን ነበር።

ዊሊ ኔልሰን ደግሞ የባሰ ነው የደረሰበት። የዊሊ አዘፋፈን ምቱን አይከተልም። ቀድሞ ይገባል፣ ወይም ዘግይቶ ይደርሳል፤ ቁጭ ብሎ የሚያወጋህ ይመስላል። በ1960ዎቹ አርሲኤ ይህን ድምፅ ወስዶ ሊያስተካክለው ሞከረ። ተቀባይ ደረበበት፣ ቫዮሊን ደረበበት። ለዓመታት አልሆነም። በ1972 ዊሊ ጓዙን ጠቅልሎ ቴክሳስ፣ ኦስቲን ገባ። ከኮሎምቢያ ኩባንያ ጋር ሲዋዋል አልበሜ ላይ የመጨረሻው ቃል የኔ ነው ብሎ አስፈረመ። በ1975 መጀመሪያ ከዳላስ ወጣ ብላ ባለችው ጋርላንድ፣ አንዲት ትንሽ ስቱዲዮ ውስጥ ከባንዱ ጋር ገባና በጥቂት ቀናት ጨረሰ። እህቱ ቦቢ ፒያኖ ትመታለች። ሚኪ ራፋኤል ሃርሞኒካ ይነፋል። ዊሊ ያቺን የናይለን ክር ጊታሩን ይዟል፣ በክር መምቻ እየተመታች ሆዷ የተቀደደውን። የኮሎምቢያ ሰዎች ሲሰሙት ያለቀ ሥራ አልመሰላቸውም። ናሙና ነው ብለው አሰቡ። ውሉ ግን ውል ነውና እንዳለ ወጣ። ከአልበሙ የወጣው ነጠላ ዘፈን በዚያው ዓመት የካንትሪ ሠንጠረዥ አንደኛ ሆነ። ዊሊ በዘፋኝነቱ አንደኛ ሲወጣ ያ የመጀመሪያው ነው። ዘፈኑን የጻፈው ፍሬድ ሮዝ ነው፣ ሮይ ኤከፍ በ1940ዎቹ ዘፍኖታል። ሠላሳ ዓመት ገደማ የቆየ ዜማ ማለት ነው።

ያንን ዘፈን ለእናቴ በስልክ አሰማኋት። እናቴ እንግሊዝኛ አትሰማም። ዝም ብላ አዳመጠችና «ይሄ ሰውዬ ብቻውን ነው እንዴ ያለው?» አለችኝ። ጋሼ፣ ቫዮሊን ቢኖር እናቴ ይህን ትጠይቅ ነበር?

ከአዲስ አበባ

ልጄ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የእናትሽ ጥያቄ ደስ ብሎኛል፣ ጆሮ አላቸው። ያቺ ምልክት ግን ያለ ጥፋቷ ተወቅሳለች። እኔም ልከላከልላት።

በ1959 ቢል ፖርተር የሚባል የድምፅ ባለሙያ እዚያ ስቱዲዮ ሥራ ጀመረ። ክፍሉ መጥፎ ነበር። እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ድምፅ አለው። ግድግዳና ግድግዳ እየተቀባበሉት አንዱ ኖታ ያብጣል፣ ሌላው ይሞታል። ቤዙ ይጮኽና ዘፋኙን ይውጠዋል። እኔ ይህን በሽታ በደንብ አውቀዋለሁ። ዕድሜዬን የታገልኩት እሱን ነው፤ በብርድ ልብስ፣ በፍራሽ፣ በእንቁላል መያዣ ካርቶን። ፖርተር ከቢሮው መጠባበቂያ 60 ዶላር አስወጥቶ የኮርኒስ ፋይበርግላስ ገዛ። ሦስት ማዕዘን እያደረገ ቆርጦ ጣሪያው ላይ አንዱን ከፍ፣ ሌላውን ዝቅ አድርጎ ሰቀለው። ከዚያ ኖታ በኖታ ድምፅ እየለቀቀ ክፍሉን እየዞረ አዳመጠ። ማበጡ የሚቀንስበትን ቦታ ሲያገኝ ወለሉ ላይ ኤክስ አደረገ። ማይክራፎኑን እዚያ አቆመ።

የኤክሱ ታሪክ ይህ ነው ልጄ። ማንም አለቃ እዚህ ቁም ብሎ አላሰመረውም። አንድ ባለሙያ የሰው ድምፅ ሳይበላሽ የሚወጣበትን ቦታ በጆሮው ፈልጎ ነው ያገኘው። ዘፋኙ ጂም ሪቭስ በዚያው ዓመት መጨረሻ የዘፈነውን ዝነኛ የስልክ ዘፈን የቀረጸው ይኸው ፖርተር ነው። ሪቭስ ማይኩን ከከንፈሩ አስጠግቶ በለሆሳስ ይዘፍናል። ትንፋሹ ሳይቀር ይሰማል። በሌላ ክፍል፣ በሌላ እጅ፣ ያ ለሆሳስ ሾርባ ይሆን ነበር።

አሁን ወደ ራሱ ወደ ዊሊ ልምጣ። በ1961 ዘፋኟን ፓትሲ ክላይንን ከፍ ያደረገውን «ክሬዚ» የጻፈው ማን ነው? ዊሊ ኔልሰን ነው። ፓትሲ መጀመሪያ አልወደደችውም። ናሙናው ላይ ዊሊ እንደ ልማዱ ከምቱ እየቀደመና እየዘገየ ነበር የሚዘፍነው፣ እሷም በዚያ መንገድ ሞክራ አልሆነላትም። በዚያ ላይ በሰኔ መኪና አደጋ ደርሶባት የጎድን አጥንቷ አልዳነም። በነሐሴ ስቱዲዮ ስትገባ ከፍ ያለውን ኖታ ልትይዝ ስትል ሕመሙ ይይዛታል። ፕሮዲዩሰሩ ኦወን ብራድሊ ምን አደረገ? የባንዱን ቀረጻ ጨርሶ አስቀመጠው። እሷን ወደ ቤቷ ላካት። ሲሻላት ተመልሳ መጣችና በተቀረጸው ላይ ድምፅዋን ብቻ አኖረች። ዛሬ ዓለም የሚያለቅስበት ድምፅ የተገኘው እንዲህ ነው። ድምፅ በድምፅ ላይ በመደረብ፣ አንቺ በምትጠዪው በዚያው ብልሃት። የጀርባ ተቀባዮቹም ጆርዳኔርስ ናቸው። ለስላሳ ናቸው፣ እንደ ጋቢ ነው የሚያለብሷት።

ዊሊ ከዚያ ዘፈንና ከሌሎች ለሌላ ሰው ከጻፋቸው ዘፈኖች እንጀራ በላ። አሥር ዓመት አልበሙ ሳይሸጥለት የቆየው በዚያ ነው። በኋላ አልፈልግም ለማለት አቅም የሰጠውም ያው የተወለወለ ድምፅ ነው።

እኛስ ብንሆን? አዲስ አበባ ካንትሪን የወደደችው በማን ነው? በኬኒ ሮጀርስ፣ በዶሊ ፓርተን፣ በዶን ዊሊያምስ። ካሴት ቤቱ በር ላይ፣ ሻይ ቤቱ ውስጥ። እንግሊዝኛው ሳይገባን ቃል በቃል ስንለው ኖረናል። ሁሉም ጥርት ያለ የስቱዲዮ ሥራ ነው። ጥርት ባይል በዚያ በተበላሸ ድምፅ ማጉያ፣ በተገለበጠ የተገለበጠ ካሴት ከቴነሲ እዚህ ድረስ አይደርስም ነበር።

አንድ የራሴን ልጨምር። በካሴት ዘመን አንዲት ድምፃዊት በቅርቡ ለሞተች እናቷ የዘፈነችውን ይዛ መጣች። መጀመሪያ ስትዘፍን አለቀሰች። ቃሉ ተዋጠ፣ ዜማው ተበላሸ። ውጪ የነበሩት ሁሉ አለቀሱ፣ ይሄው ይበቃል አሉ። እኔ አይሆንም አልኩ። ውሃ ጠጣች፣ ተመልሳ ገባች። ሁለተኛው ወጣ። ያንን ካሴት ሺህ ጊዜ የሰማ ሰው እያንዳንዱን ቃል ያውቃል። የመጀመሪያውን ቢሰማ ለቅሶ እንጂ ዘፈን አይሰማም ነበር።

ከናሽቪል

ጋሼ፣ የፖርተርን ታሪክ አላውቅም ነበር። አመሰግናለሁ። ምልክቷን ይቅርታ ጠይቄያታለሁ።

ፓትሲም ላይ አልከራከርዎትም። ግን ብራድሊ ያደረገውን ልብ ይበሉ። ሰዓቱን አቆመ። ሴትዮዋ አሟታል፣ ትሂድ፣ ሲሻላት ትምጣ አለ። ለዘፋኝዋ ጊዜ ሰጣት። ዌይሎንና ዊሊ የተከለከሉት እኮ ይኸው ነው። ቫዮሊን ስለተደረበባቸው ብቻ አልነበረም የተጣሉት። ማንም ሳይጠይቃቸው ስለተደረበባቸው ነው። ዌይሎን ለመንገድ የሚሆን ባንድ አለህ፣ ለሸክላ ግን አይሆንም ሲባል የኖረ ሰው ነው። ከእነዚያ ልጆች ጋር ዳቦ ተካፍሎ በላ፣ አውቶቡስ ውስጥ ተኛ። ዘፈኑ የት ላይ እንደሚያዘግም፣ የት ላይ እንደሚሮጥ አብረው አወቁት። ከዚያ ሰውዬው ስቱዲዮ ገብቶ ዛሬ ጠዋት ከተዋወቀው ሰው ጋር በሦስት ሰዓት ውስጥ ያንን ያምጣ? ውሃ አያነሣም ይሄ።

የተወለወለው ድምፅ ከየት እንደመጣም መርሳት የለብንም። በ1950ዎቹ አጋማሽ ሮክ ኤንድ ሮል መጣና የካንትሪን ገበያ በላው። እነ ቼት አትኪንስ በአርሲኤ፣ እነ ኦወን ብራድሊ በዴካ ኩባንያ መውጫ ፈለጉ። ማሲንቆ የመሰለውን የገጠር ቫዮሊንና ስቲል ጊታሩን ቀነሱ፤ የከተማ ቫዮሊንና ተቀባይ አስገቡ። የከተማ ሰው ይግዛን ብለው ነው። አትኪንስ የናሽቪል ድምፅ ምንድን ነው ተብሎ ሲጠየቅ ኪሱ ውስጥ ያለውን ሳንቲም አንኳኳ ይባላል። ታላቅ ጊታር ተጫዋች ነው፣ አከብረዋለሁ። መልሱ ግን እውነት ነው። ለገበያ የተፈለሰፈን ነገር የጥበብ ሕግ አድርጎ በሁሉም ጉሮሮ ላይ መጫን አይገባም ነበር።

የእርስዎን ታሪክ ግን ሦስቴ አነበብኩት። ሌሊት ሥራ ላይ ሆኜም አሰብኩት። እዚህ ሆስፒታል ውስጥ የሰው ድምፅ ሲሰበር ብዙ እሰማለሁ። ሰው በተሰበረ ድምፅ የሚናገረውን በኋላ ቀን በደህና ድምፁ አይደግመውም። ቃሉ አንድ ሊሆን ይችላል፣ ነገሩ ግን ሌላ ነው። ጋሼ፣ ያ የመጀመሪያው ቀረጻ አሁን የት ነው ያለው?

ከአዲስ አበባ

ጥያቄሽን አቆይተዋለሁ። መጀመሪያ ስለ ጆርጅ ጆንስ ላውራሽ። የካንትሪ ጉሮሮ ማለት እሱ ነው። በ1980 የወጣ አንድ ዘፈን አለው፣ እስኪሞት ድረስ አንዲት ሴት ሲወድ ስለኖረ ሰው። ቦቢ ብራዶክና ከርሊ ፑትማን ናቸው የጻፉት። ጆንስ ጠልቶት ነበር። ሐዘኑ በዛ፣ ማን ይገዛዋል አለ። ያን ጊዜ መጠጥ ይዞት ነበር። መኻል ላይ በንግግር የሚባል ክፍል አለ፣ ጥቂት መስመር ናት። አፉ እየተሳሰረ እሷን ማለት አቃተው። ፕሮዲዩሰሩ ቢሊ ሸሪል ግን አለቀቀውም። ወራት ጠበቀው። ቀሪውን ቀርጾ አስቀምጦ፣ ያቺን ንግግር ከብዙ ጊዜ በኋላ አስገኛት። ከዚያ ቫዮሊኖቹን አመጣ። መጨረሻው ላይ ስሚያቸው፣ ነፍስ ስትወጣ ይመስላሉ፣ ወደ ላይ እየሳሱ ይሄዳሉ። ዘፈኑ አንደኛ ወጣ። ጆንስ ለዓመታት ብቻውን በዘፈነው ዘፈን አንደኛ ወጥቶ አያውቅም ነበር። የካንትሪ ሙዚቃ ማኅበር ሁለት ዓመት ተከታትሎ የዓመቱ ዘፈን አለው። እስከ ዛሬ ብዙ ሰው ከካንትሪ ዘፈን ሁሉ በላጩ ነው ይላል። ሰሚው ልክ ነው። የተሳሳተው ዘፋኙ ነው።

የመጨረሻው ቃል የዘፋኙ ነው ካልን ያ ዘፈን የለም። ይህን ነው እንድታስቢው የምፈልገው። ሰው የራሱን ድምፅ ከውስጥ ነው የሚሰማው፣ በአጥንቱ በኩል። ከውጭ የሚሰማለት ሌላ ጆሮ ያስፈልገዋል። እኔ ለዓመታት ያ ሌላ ጆሮ ነበርኩ። ክብር ያለው ሥራ ነው።

ደግሞም ሽፍቶቹን ሽፍታ ብሎ የሸጣቸው ማን ነው? ራሱ አርሲኤ ነው። በ1976 የወጣው «ተፈላጊዎቹ ሽፍቶች» የተባለው አልበም የዌይሎን፣ የዊሊ፣ የጄሲ ኮልተርና የቶምፓል ግሌዘር ሥራዎች ስብስብ ነው። አብዛኛው ቀድሞ የተቀረጸ ነበር። አሰባስቦ፣ ሽፋኑን እንደ ድሮ የሽፍታ ማፈላለጊያ ወረቀት አሠርቶ ያወጣው ጄሪ ብራድሊ ነው፣ የኦወን ብራድሊ ልጅ። ከካንትሪ አልበሞች ሚሊዮን ቅጂ ተሽጦ ፕላቲነም ሲባል የመጀመሪያው ሆነ። ዊሊም ቢሆን በ1978 የድሮ የከተማ ዘፈኖችን ሰብስቦ ለፕሮዲዩሰሩ ለቡከር ቲ ጆንስ ሰጠው፣ እዚያ ውስጥ ቫዮሊን አለ። ያምራል። አልተቃወመም።

ከናሽቪል

አልተቃወመም፣ ምክንያቱም ቡከር ቲን የመረጠው ራሱ ዊሊ ነው። ጎረቤቱ ነበር፣ ሥራውን ወድዶለት ጠየቀው። እኔም ስከራከር የነበረው ስለዚህ ነው ጋሼ። ሌላ ጆሮ ያስፈልጋል ሲሉኝ እሺ እላለሁ። ዘፋኙ ያመነው ጆሮ ይሁን።

በ1994 የካንትሪው ዘፋኝ ጆኒ ካሽ ያደረገውን ያስታውሱ። ኮሎምቢያ በ1986 አሰናብቶታል። ናሽቪል ውስጥ ጊዜው አልፏል የተባለ ሰው ነበር። ሪክ ሩቢን ሎስ አንጀለስ ቤቱ ወሰደው፣ ሳሎን ውስጥ ጊታሩን አስያዘው፣ የምትወደውን ዝፈን አለው። ሌላ ምንም የለም። ጉሮሮው አርጅቷል፣ ጊታሩ ላይ ጣቱ ሲሳሳት ይሰማል። አልበሙ የግራሚ ሽልማት አሸነፈ። ሩቢን እኮ ፕሮዲዩሰር ነው። እንደ እርስዎ ሌላ ጆሮ ነው። የሰማው ግን የተሰበረውን ነው፣ እንዳለም ተወው። ጆርጅ ጆንስ ላይ ሸሪል ልክ ነበር፣ እቀበላለሁ፤ ዛሬ ጠዋት መኪና ውስጥ ሰምቼው ማቆሚያው ቦታ ላይ እስኪያልቅ ቁጭ ብያለሁ። ግን ስንት ጆንስ ነው በዚያው ክፍል ውስጥ ተለስኖ የቀረው? የእነሱን አንሰማም፣ ስለዚህ አንቆጥራቸውም።

ጥያቄዬን አልመለሱልኝም።

ከአዲስ አበባ

እሺ ልመልስልሽ።

የመቅረጫ ክር ውድ ነበር። ቤቱም የኔ አልነበረም፣ አሠሪ አለኝ፣ ስንት ክር እንደወጣ ይቆጠራል። ሁለተኛውን የቀረጽኩት በመጀመሪያው ላይ ነው። መልሼ አጠንጥኜ፣ ቁልፉን ተጭኜ፣ እሷ ውሃዋን ጠጥታ እስክትመለስ ጠበቅሁ። ያኔ ሁላችንም የምናደርገው ይህንኑ ነበር፣ ሳላስብበት ነው ያደረግሁት። ስለዚህ የለም።

አሁንም ብጠየቅ ለሕዝብ የሚወጣው ሁለተኛው ነው እላለሁ። በዚህ አልለወጥም። ግን አንቺ ከጠየቅሽኝ ወዲህ ካሴቱን አውጥቼ እየሰማሁ ነው። ሁለተኛው ስንኝ ላይ፣ «እናቴ» ከሚለው ቀጥሎ፣ በመጀመሪያው ቀረጻ ድምፅዋ ቆሞ ነበር። ባንዱ አንድ ዙር ብቻውን ተጫወተ፣ ከዚያ ገባች። በካሴቱ ላይ እዚያ ቦታ ላይ ቀጥ ብላ ታልፋለች። እኔ ግን ሁልጊዜ እዚያ ስደርስ እጠብቃታለሁ።